የመምህሩን ክብር የወሰደው የተማሪው መብት አይደለም

ሰሞኑን በሐዋሳ መምህራን መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ ብቻ በሦስት ቀን አምስት ጊዜ ደርሷል። ሦስቱን የላኩልኝ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዱን እኅቴ። አምስተኛውን ደግሞ ዛሬ ራሱ መምህር የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እውነታቸውን አይደለም?» የሚል ጥያቄ አክሎበት ላከልኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩ፤ አልበቃኝም።

ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር መሆናቸውን ይናገራሉ። ስማቸውን ስላላሰፈሩ «መምህሩ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሕጉ «የሕፃናት መብት» እያለ መምህሩን ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ተማሪ መምህሩን አይፈራም፤ ስለማይፈራ አያጠናም፤ ስለማያጠናም በ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያልፈው ከመቶ ሦስት ሰው ሆኗል። የቀድሞው ሕግ መምህር ተማሪውን እንዲገርፍ ይፈቅድ ነበር፣ ያ ሕግም አልተሻረም፤ ክልከላው ከውጭ የመጣ ነው። እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው። ረባሽን ማባረር የትምህርት ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ አያሻውም። መንግሥት በነፃ እያስተማረ ወላጅ መዋጮ ሲጠየቅ መብት መጥቀሱ ነውር ነው። በመጨረሻም፣ ተማሪው አንድ መብት ባገኘ ቁጥር መምህሩ አንድ መብት ያጣል።

ያጣመምኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። አማርኛቸው ያማረ ነው፤ በወላጅ እጅ ክፍል ውስጥ በጥፊ ስለተመታ መምህር የጻፉት አንቀጽም እኔንም አሳምሞኛል። እርሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስቀድም። በከተማችን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት ክፍል የምገባው አርጩሜ ይዤ ነበር። በአንድ እጄ አርጩሜ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዤ፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ስለሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ እገርፋቸው ነበርና። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ከፈተናው ልጀምር። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ሆነ። አገር ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ግን ያን ዓመት የተለወጠው ምን ነበር? ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ። ተማሪው መልስ ከሚያቀብለው ጓደኛው፣ ከስልኩና አይቶ እንዳላየ ከሚያልፈው ፈታኝ ተለየ። በ2008 ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ እንደገና የተሰጠበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች፣ ከዚያ በፊት የነበረው ከፍተኛ ውጤት የአርጩሜ ፍሬ ነበር ብንል ራሳችንን ማታለል ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ውጤቱ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ዝቅተኛ ነው፣ ያሳፍራል። ግን ውጤቱ የወደቀው አርጩሜ በመቅረቱ ከሆነ፣ ከፍ ያለው አርጩሜ ተመልሶ ነውን? ደግሞስ መቼ ቀረና! ክልከላው ሕገ መንግሥቱ ላይ ከሰፈረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አርጩሜው ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆሟል። ሲሰበር ተማሪ ይላክና ከአጥሩ ዛፍ ሌላ ቆርጦ ያመጣል። የሚያስቀው፣ የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ የሚገረፈው ልጅ ነው፤ ቀጭን ቢያመጣ እንደገና ይላካል።

ወደ ሕጉ ልሂድ፤ ጽሑፉ ብዙ ሰው ያሳመነው በዚህ በኩል ነውና። መምህሩ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2039 ጠቅሰው፣ መጠኑን ያላለፈ የአካል ቅጣት በተማሪ ላይ መፈጸም ጥፋት እንደማይሆን ይነግሩናል። እውነታቸውን ነው፤ አንቀጹ እንዲያ ይላል። ችግሩ እዚያው ላይ መጽሐፉን መዝጋታቸው ነው። ያ ንዑስ አንቀጽ የሚዘረዝረው ተማሪን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ልጁን፣ በሞግዚትነት የያዘውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን ቢቀጣ ይላል። አገልጋዩን! መምህሩ የቤት ሠራተኛቸውን በዚህ አንቀጽ ተማምነው በአርጩሜ ይቀጧታል? እንደማያደርጉት አልጠራጠርም። እርሷን ከአርጩሜ ያዳናት ምን እንደሆነ ቢጠይቁ ተማሪውንም እዚያው ያገኙት ነበር።

ከ1952 በኋላ 1987 መጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል «ሠ» ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣትና አያያዝ ነፃ የመሆን መብት ይሰጠዋል። ልብ በሉ፣ «በትምህርት ቤት» ብሎ ቦታውን ለይቶ ነው የሚናገረው። አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለ ሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። እንግዲህ «አልተሻረም» ማለት አያዋጣም፤ ከበላዩ ያለው ሕግ ጉልበቱን ወስዶበታል። ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ተማሪዎቻችንን የባህል ልብስ አስለብሰን ይህንኑ ሕገ መንግሥት እናስጨፍርበታለን፤ ስለ እነርሱ የሚናገረውን አንድ መስመር ስናነብላቸው ግን አይቼ አላውቅም።

መምህሩ ያልጠቀሱትንም ልጨምርላቸው፤ የሚጠቅማቸው ነውና መደበቅ የለብኝም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 68 የማረምና ሥነ ሥርዓት የማስያዝ መብትን በአግባቡ መጠቀም ወንጀል እንደማይሆን ይናገራል፤ ሕፃንን ማንገላታትን የሚከለክለው አንቀጽ 576ም ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ ተገቢ ቅጣትን ከክልከላው ያወጣል። እዚህ ላይ ሕጉ ክፍተት እንዳለው አምናለሁ፤ የሕግ ባለሙያዎችም ይከራከሩበታል። ግን «ተገቢ» የሚለው ቃል ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤት የከለከለውን ነገር ሊያቅፍ አይችልም። የሕግ አውጪውን አዝማሚያ ማየት ለሚፈልግም ምልክት አለ። የ1952ቱ ሕግ አሳዳጊው ልጁን «በቀላሉ» እንዲመታ በግልጽ ይፈቅድ ነበር፤ የተሻሻለው የ1992 የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ያች ፈቃድ ቀርታ አስፈላጊ የሆነ የሥነ ሥርዓት እርምጃ የሚል ብቻ ተተካ። ይህ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ ሐዋሳ ላይ አይሠራም ብሎ የሚሞግተኝ ቢኖር ልክ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ነገሩ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

«ቀላል ምት እኮ አካል አይጎዳም» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ማን ነው ክብደቱን የሚመዝነው? የተናደደው ሰው ራሱ ነው። በንዴት ላይ ሆኜ የእጄን ክብደት በትክክል ገምቼ አላውቅም፤ የሚችል ካለ እጁን ያውጣ።

ከውጭ መጣ የሚለው ክስ ደግሞ ባለቤቱን መልሶ የሚመታ ነው። መምህሩ የሚመኩበትን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። በአንጻሩ ሕፃናት በትምህርት ቤት ሲቀጡ ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ የሚያዘው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በሐምሌ 1982 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። በዚያ ትርምስ መሐል አንድ ሰው ይህን ወረቀት ተከታትሎ ማስፈረሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሕገ መንግሥቱም አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል። ታዲያ የትኛው ነው ባዕዱ?

«ተገርፈን ሰው ሆንን» ላይ ብዙ አልቆይም። ተገርፈን ያለቀስንም፣ የተማርንም ነን። ግን አብረውን ተገርፈው አምስተኛ ክፍል ላይ የቀሩት ልጆች ይህን ጽሑፍ አላጋሩትም፤ የሚጠይቃቸውም የለም።

ይልቅ ከጠዋቱ በር ላይ የማየውን ልንገራችሁ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩ ይዘጋል። ያረፈዱት፣ አብዛኞቹ ከአላሙራ ወገን በእግር የሚመጡ፣ ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ጠጠር ላይ ይንበረከካሉ። ዘበኛው የደብተር ቦርሳቸውን በአንድ በኩል ይደረድራል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲነሡ የጠጠሩ ቅርጽ ጉልበታቸው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ልጃገረዶቹ ቀሚሳቸውን ወደ ታች እየጎተቱ ይሸፍኑታል። ከዚያ ግቢውን ያጸዳሉ። ወደ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። እንግዲህ አሥር ደቂቃ ያመለጠውን ልጅ ሠላሳ ደቂቃ አስመለጥነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለሒሳብ መምህራችን ነግሬው «ቅጣቱ ለትምህርት አይደለም፣ ለሥርዓት ነው» አለኝ። ጥሩ፤ ግን በማግሥቱ ያረፈዱት ስንት እንደሆኑ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። እኔ አንድ ሳምንት ቆጠርኩ። ሰኞ የተንበረከኩት ማክሰኞም ነበሩ፣ ረቡዕም ነበሩ።

አሁን ወደ ማባረሩ። ትምህርት ቤት ረባሽን የማገድና የከፋ ጥፋት ያጠፋን የማሰናበት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ ከመምህሩ ጋር አልጣላም። ስለት ይዞ የመጣን ልጅ ነገ ክፍል ግባ የምል ሰው አይደለሁም። የምቃወመው «ቃለ ጉባኤ አያሻም» የሚለውን ነው። ቃለ ጉባኤ ማለት እኮ ልጁ ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ወላጅ ሰማ፣ ኮሚቴው ወሰነ የሚል ወረቀት ብቻ ነው። ሲዳማዎች ሶንጎ በሚሉት የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ሲቀመጡ ንግግር የሚከፍቱት «አፊኒ?» ብለው ነው፤ ሰማችሁ ወይ? ማለት ነው። ሳይሰሙ አይፈርዱም። ከበቅሎ ወይም ከድንበር ጠብ በፊት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ባህል መሐል ተቀምጠን፣ የ15 ዓመት ልጅ የትምህርት ዕድል በአንድ ምክትል ርእሰ መምህር ቁጣ ይቆረጥ ማለት እንዴት ይሆናል? ሕገ መንግሥቱ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁን ጥቅም በቀደምትነት እንዲያስብ ያዛል፤ ስምምነቱም ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ የመደመጥ መብት ይሰጠዋል። አፊኒ ነው፣ በሌላ ቋንቋ።

ይህን ያስተማረኝ ግን ሕግ አይደለም፤ የራሴ አቤቱታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወር ደመወዜ ላይ የአሥር ቀን ተቆርጦ አገኘሁት። ሄጄ ስጠይቅ «ስብሰባ ቀርተሃል» ተባልኩ። አልቀረሁም ነበር፤ ፊርማዬ በሌላ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ኖሯል። ደብዳቤው የደረሰኝ ገንዘቡ ከተቆረጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ አቤቱታ ጻፍኩ። «ሳልጠየቅና መከላከያዬን ሳላቀርብ ተቀጥቻለሁ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ክሱ በጽሑፍ ሳይደርሰውና ሳይሰማ አይቀጣም» ብዬ አሰርኩት። ጥሩ አቤቱታ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን በዚያው ሳምንት ወላጅ እስክታመጡ አትግቡ ብዬ ያባረርኳቸው ሦስት ልጆች ትዝ አሉኝ። ፉጨቱ ከኋላ ወንበር መጣ፤ ኋላ የተቀመጡት እነርሱ ነበሩ፤ በቃ። አንዷ በሩ ላይ ቆማ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብላ ነበር። ወላጆቿ ከተማ ውስጥ አልነበሩም፤ ዘጠኝ ቀን ቀረች። የእኔ ገንዘብ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰ። የእርሷ ዘጠኝ ቀን የት ይመለሳል?

መዋጮውን በአጭሩ። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ ለጠመኔና ለወረቀት እንኳ እንደማይበቃ የማያውቅ መምህር የለም፤ ወላጅ በፈቃዱ ቢያግዝ ደስ ይለኛል፣ እኔም ለመጸዳጃ ቤቱ ግንባታ አዋጥቻለሁ። ነገር ግን የፈቃድ መዋጮ ደረሰኝ ያልያዘን ልጅ ከበር የሚመልስ ከሆነ ፈቃድነቱ የት ነው? አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል፤ መንግሥትም ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲጨምር ያስገድዳል። ስለዚህ መብት መጥቀስ ነውር አይደለም። ገንዘብ ካነሰ የሚጠየቀው በጀት የሚመድበው እንጂ ደብተሩን ይዞ በር ላይ የቆመው ልጅ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የተማሪው መብት የመምህሩ ኪሳራ ነው የሚለው፣ በጣም የምቃወመው እርሱ ነው። መምህሩን ያዋረደው ምንድን ነው? በሁለተኛ ደረጃ አንድ ክፍል 40 ተማሪ ይይዛል የሚል መለኪያ እያለን እኔ የማስተምርበት ክፍል 68 ይዟል፤ ወንበር ላይ አራት እየሆኑ ተቀምጠው አንዱ ለመጻፍ ሦስቱ ክርናቸውን ይሰበስባሉ። በደቡብ ባሉ ዞኖችና ወረዳዎች የመምህራን ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል የቆየበትን ጊዜ ዜና ሆኖ ሰምተነዋል። ወር ሳይደርስ ከባለ ሱቅ በዱቤ ዘይት የሚወስድ መምህርን ያ ባለ ሱቅ ልጁን ሲልክለት በምን ዓይን ያየዋል? ከእነዚህ አንዱንም ያደረገው ተማሪ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም የሥራ ሁኔታቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ያን መብት ይዘን ስለ ክፍል ብዛትና ስለ ደመወዝ ቀን ብንጮህ ይሻል ነበር። እኛ ግን የበላዩን መናገር ሲያቅተን የበታቹን እንገርፋለን። አርጩሜ ርካሽ ነው፤ ለአለቃም ይመቸዋል። 68 ልጅ በአንድ ክፍል አጭቆ ሥርዓት አስይዝ ብሎ ለሚተወኝ ሰው፣ አርጩሜ በእጄ እስካለ ሌላ ነገር ስለማልጠይቀው ይቀልለዋል።

በጥፊ ስለተመታው መምህር መምህሩ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። እኔም አንድ ባልደረባዬ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ሰውየው በተማሪዎች ፊት መታው፤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ይቅርታ ተባለ፣ ቡና ተጠጣ፤ በማግሥቱ ባልደረባዬ እነዚያው ልጆች ፊት ቆሞ ስለ ፎቶሲንተሲስ አስተማረ። ሽምግልናን አልጠላም። ግን ድብደባ ወንጀል ነው፤ ተማሪ ሲገረፍም፣ መምህር ሲመታም። ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም ለፖሊስ ማመልከት ነበረበት፤ ባልደረባዬ ብቻውን እንዲያመለክት ተተወና ተወው። መምህሩ ለዚህ የሚሆን አሠራር ይውጣ ብለው ቢጽፉ ኖሮ ከስልክ ስልክ የማዞረው እኔ እሆን ነበር።

ለቀድሞ ተማሪዬ መልሱን እንዲህ አድርጌ ላክሁለት። እርሱ ግን ረጅሙን ሳያነብ ሌላ ጥያቄ አስከተለ፦ «እሺ ቲቸር፣ ሰኞ ከኋላ ፉጨት ሲመጣ ምን ላድርግ?» ሥራዬን ነገርኩት። ፉጨቱ ሲመጣ ዝም ብዬ ወደ ኋላ እሄድና እዚያው ቆሜ ማስተማሬን እቀጥላለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የመቀመጫ ቦታ አለዋውጣለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ልጁን ለብቻው አስቀርቼ እጠይቀዋለሁ፤ የሚለውን በማስታወሻዬ ላይ እሱ እያየ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ለወላጁ ራሴ እደውላለሁ እንጂ ልጁን ወላጅ አምጣ ብዬ አልልክም። አንዳንዴ አይሠራም፤ ባለፈው ወር አንዱ ልጅ ላይ አልሠራም፣ ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ነው፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ እናቱም ትመጣለች።